ጊታር በደብረ ብርሃን ብርድ፦ ከብሪጅ ጥገና እስከ አንቺ ሆዬ

ጥቅምት መግቢያ፦ ብሪጁ

ጊታሩ መጣ። ያገለገለ ክላሲክ ጊታር ነው፤ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ሱቅ በ6,500 ብር ተገዛ። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ መቃኛ ቁልፎቹ ሳይዘሉ ይዞራሉ፤ ፍሬቶቹም፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ብረቶች፣ ብዙ አልተበሉም። ሻጩ «አዲስ ክር አስገብቼልሃለሁ» ብሎ ያሞገሰው ክር ግን የብረት ክር ነው። የብረት ክር ስድስቱም ሲቃኝ በድምሩ ወደ 70 ኪሎ ይስባል፤ የናይለን ክር ግን ወደ 40 ኪሎ ግድም ነው። ክላሲክ ጊታር የሚሠራው ለናይለን ነው፤ የፊቱ እንጨት ስስ፣ ከውስጥ ያለው ድጋፍም ቀላል ነው፤ አንገቱ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ዘንግ የለውም። ጉዳቱ የታየው ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ በጊታሩ ገጽ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ላይ ነው። የኋላ ጠርዙ ከገጹ ተላቅቆ የደብተር ወረቀት ከሥሩ ሰተት ብሎ ይገባል። ያገለገለ ጊታር የሚገዛ ሰው ከገንዘቡ ጋር አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ክሮቹን ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላላሁ አወረድኳቸው። ብሪጁ ግማሹ ገና አልለቀቀም ነበር። በላዩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፌ የልብስ ካውያ አሳረፍኩበት፤ ኮላው ሲለሰልስ ስስ ቢላ ከሥሩ እያስገባሁ አላቀቅሁት። ቀጥሎ የድሮውን ኮላ ከሁለቱም ገጽ መፋቅ ነው። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ኮላ የሚይዘው እንጨቱን ሳይሆን አሮጌውን ኮላ ነው።

ችግር የሆነው ማጣበቂያው ሞርሳ ነው። የአናጺ ሞርሳ በጊታሩ ቀዳዳ ገብቶ እስከ ብሪጁ አይደርስም፤ አፉ አጭር ነው። ሰፈራችን ያለው አናጺ ሁኔታውን አይቶ ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሁለት ረጅም ክንድ ቆርጦ፣ መሃላቸውን በሁለት ብሎን አያይዞ መጨበጫ ሠራልኝ። 350 ብር ወሰደ። ኮላው ነጩ የእንጨት ኮላ ነው፤ 120 ብር።

የመጀመሪያው ማጣበቅ ከሸፈ። ጊታሩ ያደረው መኝታ ክፍል ነበር፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥቅምት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በቅጡ አይያያዝም። መጨበጫውን ስፈታው ከጠርዙ የወጣው ኮላ እንደ መስታወት መጥራት ሲገባው እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኖ በጥፍር ይረግፋል። እንደገና ፋቅሁት። ሁለተኛውን እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ወጥ ቤት ውስጥ አጣበቅሁት፤ ጊታሩ ከምጣዱ ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ አደረ። በማግስቱ ኮላው ጠርቶ ነበር፤ ወረቀቱም ከዚያ በኋላ አልገባም።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ክርና ቅኝት

የናይለን ክር 1,100 ብር፤ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ተላከልኝ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ከታሰበው ዘገየ።

ድምፆቹን በፊደል ስማቸው እጽፋለሁ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ የለመደ ሰው ሲን ዶ ብሎ ይነሣ። ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ጊታር የሚቃኘው ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ነው። ወፍራሙ ኢ በሰከንድ 82.4 ጊዜ ይርገበገባል፣ ኤ 110፣ ዲ 146.8፣ ጂ 196፣ ቢ 246.9፣ ቀጭኑ ኢ 329.6።

ናይለን ሲገባ ይለጠጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቃኝተህ አንድ ዜማ ሳትጨርስ ይወርዳል፤ ቱነሩ (የስልኩ መቃኛ) ተበላሸ ብሎ መጠርጠር አያስፈልግም። ክሩን በእጅ ቀስ ብሎ ወደ ላይ እየሳቡ ደጋግሞ መቃኘት ያፋጥነዋል።

መብራት ሄዶ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ የሚያገለግለው አምስተኛው ፍሬት ነው። ስድስተኛውን፣ ማለትም ወፍራሙን፣ ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ስትጫን ኤ ይሆናል፤ አምስተኛውን ክር ከዚያ ጋር ታስተካክላለህ፤ እንዲህ እያልክ ትወርዳለህ። ልዩ የሚሆነው ሦስተኛው ክር ብቻ ነው፤ እሱ አራተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ሁለተኛውን ያስተካክላል። ሁለት ድምፅ በጣም ተቀራርቦ ግን ሳይገጥም ሲቀር «ዋው ዋው» የሚል ውዝዋዜ ይሰማል። እየገጠመ ሲሄድ ውዝዋዜው ይዘገያል፤ ሲገጥም ይጠፋል።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ አስተማሪዎች ደግሞ በሃርሞኒክ መቃኘትን ያሞግሳሉ፤ የስድስተኛውን ክር አምስተኛ ፍሬት እና የአምስተኛውን ክር ሰባተኛ ፍሬት በስሱ ነክቶ ማስጮህ ነው። ድምፁ ንጹሕ ስለሆነ ውዝዋዜውን መስማት ይቀላል። ነገር ግን ሒሳቡ አይዘጋም። 82.41 በ4 ሲባዛ 329.64 ነው፤ 110 በ3 ሲባዛ 330። ጊታሩ በትክክል ሲቃኝ በሁለቱ መሃል በሦስት ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ የምትወዛወዝ ቀርፋፋ ልዩነት መቅረት አለባት። ጆሮ ግን ይህችን ልዩነት ማጥፋት ይፈልጋል፤ ካጠፋ በየክሩ ጥቂት ጥቂት እየተዛነፈ ይሄዳል። እኔ አንዱን ክር በቱነር፣ ሌሎቹን በአምስተኛው ፍሬት አደርጋለሁ፤ ሃርሞኒኩን ለማጣሪያ ብቻ ትቼዋለሁ።

ኅዳር፦ ኤፍ ኮርድ እና የበሬ ቅልጥም

ኢ ማይነር፣ ኤ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ፣ ጂ ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ እየመጡ ነው። የግራ አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ፣ ጣቶች ቆመው፣ ጥፍር አጥሮ፣ ጫናው ከፍሬቱ በስተኋላ ልክ ሥሩ። ጣት ከፍሬቱ ሲርቅ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ክሩም ይንዘረዘራል። የጣት ጫፍ ሕመም ቆዳው ሲደነድን የሚያልፍ ነው። ጠዋት ላይ መለማመድ ግን ትቼዋለሁ፤ በደብረ ብርሃን የኅዳር ማለዳ ጣት አይታዘዝም። ማታ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጅ ይዞ ከቆዩ በኋላ ይሻላል።

ኤፍ ኮርድ ግን እምቢ አለ። ጠቋሚ ጣትን በመጀመሪያው ፍሬት ላይ በስድስቱም ክሮች አጋድሞ መጫን ነው፤ ሁሉም «ልምምድ ነው፣ ታገሥ» ይላል። ያው ጣት አምስተኛው ፍሬት ላይ ሲጋደም ሁሉም ክር ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ መጀመሪያው ላይ ሲሆን ግማሹ ይታፈናል። ይህ የጣት ድካም ሊሆን አይችልም፤ ጣቱ አንድ ነው። የተለየው ነት፣ ማለትም ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት ቁራጭ፣ ያለበት ቅርበት ነው።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ በመጀመሪያው ፍሬት እና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት። ስስ ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። የእኔ የባንክ ካርድ ያሳልፋል። ነቱ ቁመቱ ከልክ በላይ ነው፤ ከትዕግሥት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የፕላስቲኩን ነት ቦዮች በቀጭን ሞረድ ማውረድ ጀመርኩ። አምስቱ ተሳኩ። የስድስተኛው ቦይ ከሚገባው በላይ ወረደና ክሩ ሳይጫን በተመታ ቁጥር መጀመሪያው ፍሬት ላይ እየተንዘረዘረ ይጮህ ጀመር። ከነቱ የተፋቀውን ዱቄት በሱፐር ግሉ ለውሼ ቦዩን ሞላሁት፤ ለጥቂት ቀናት ሠራ፣ ከዚያ ተሰንጥቆ ወጣ። ስለዚህ አዲስ ነት ከአጥንት መሥራት ግድ ሆነ።

አጥንቱ ሥጋ ቤት በነጻ ተገኘ፤ የበሬ ቅልጥም። ተቀቅሎ ቅባቱ ወጣ፣ በሳሙና ውኃ ተዘፍዝፎ ከረመ፣ ፀሐይ ላይ ደረቀ። ከግድግዳው ወፍራም ክፍል በብረት መጋዝ ቁራጭ አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግሁ 52 ሚሊ ሜትር ርዝመት አደረስኩት። ሲፈተግ የሚወጣው ዱቄት ለሳንባ መጥፎ፣ ለአፍንጫም ከዚያ የባሰ ነው፤ ማስክ አድርጎ ውጭ መሥራት ይገባል። ከጊታሩ ሥራ ሁሉ ውሻችን የወደደው ይህንን ክፍል ብቻ ነው።

በዚያው ሳድሉንም፣ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ቁራጭ፣ አየሁት። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙ ክር ቁመት 5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለክላሲክ ጊታር 4 ይበቃል፤ ለቀጭኑ ክር 3 ግድም። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ስለሆነ እዚያ 1 ሚሊ ሜትር ለመቀነስ ከሳድሉ 2 ሚሊ ሜትር መፋቅ ያስፈልጋል። ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ይፋቃል፤ የላዩ ቅርጽ አይነካም።

ኤፍ በዚያው ሳምንት ተናገረ።

ታኅሣሥ፦ ኮርዶቹ ከትዝታ ጋር ሲጣሉ

ፍሬት የሚተከለው በሒሳብ ነው። የክሩ ርዝመት ከነት እስከ ሳድል 650 ሚሊ ሜትር ነው። 650 ለ17.817 ሲካፈል 36.5 ይሆናል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ እዚያ ርቀት ላይ ነው። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 ማካፈል ሁለተኛውን ይሰጣል፤ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለተኛው ላይ 325፣ ማለትም ልክ እኩሌታ፣ ይደርሳል። ያ ኦክታቭ ነው፤ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም። ኦክታቩ አሥራ ሁለት እኩል ግማሽ ድምፅ ሆኖ ተከፍሏል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬት አንድ ግማሽ ድምፅ። የእኔ ጊታር በካሊፐር ሲለካ ከሒሳቡ ጋር ይገጥማል። ይህ መስመር ለአሁኑ ደረቅ ይመስላል፤ ኋላ ያስፈልገኛል።

ከዚያ ሁሉም አስተማሪ የሚያስተምረው ሜጀር ስኬል መጣ፦ ሰባት ድምፅ፣ በሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ፍሬት እርምጃ። ከዚያም አራቱ ታዋቂ ኮርዶች፦ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ። «በእነዚህ አራት ኮርዶች ሺህ ዘፈን ትጫወታለህ» ይባላል። እውነት ነው፤ የሌላ አገር ሺህ ዘፈን።

ከመሐል ሜዳ የመጡ ክራር ደርዳሪ ጎረቤት አሉኝ። ትዝታ ሲጫወቱ አራቱን ኮርድ እየቀያየርኩ አጀብኳቸው። ክራራቸውን አቁመው አዩኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ማጀብ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ አንድ ቤት ተቀምጬ እያለሁ አንተ ዕቃ ታመላልሳለህ።»

ቤቴ ገብቼ በወረቀት ሠራሁት። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ አምስት ድምፅ። ኤፍ ኮርድ ኤፍ፣ ኤ እና ሲ ነው፤ ጂ ኮርድ ደግሞ ጂ፣ ቢ እና ዲ። ኤፍም ቢም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። በእያንዳንዱ ቅይይር ጋሼ ያልቃኙትን ድምፅ ጆሮአቸው ሥር እያስጮህኩ ነበር። ከአምስቱ ድምፆች ሙሉ የሚሆኑት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ሲ ሜጀር (ሲ፣ ኢ፣ ጂ) እና ኤ ማይነር (ኤ፣ ሲ፣ ኢ)። በማግስቱ እነዚህን ሁለቱን ብቻ፣ እነሱንም አልፎ አልፎ መታሁ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ወሰዱት።

የክራራቸው ቅኝት ከሲ ከፍ ሲል ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መያዣ፣ ያስፈልጋል። 700 ብር ነው የሚሉት። እርሳስ በሦስተኛው ፍሬት ላይ አጋድሞ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ከጀርባ መጠምጠም ያንኑ ሥራ በነጻ ይሠራል፤ ለናይለን ክር በቂ ነው።

ጥር መጀመሪያ፦ ያልተነካው ጊታር ትዝታ ነው

ይህንን ማንም ስላልነገረኝ እዚህ በሰፊው እጽፈዋለሁ።

የጊታር ስድስት ክሮች ምንም ሳይጫኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ኢ ሁለት ጊዜ ስለመጣ ድምፆቹ አምስት ናቸው። ከጂ አንሥተን እንደርድራቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። እርምጃው ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ፍሬት፣ ከዚያ ሦስት ሄዶ ጂ ላይ ይዘጋል። ትዝታ ሜጀር ይኸው ነው። ግራ እጅ ጭራሽ ሳይነካው ጊታር በጂ ትዝታ ተቃኝቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የትዝታ ካርታ በጣም ቀላል ነው። ስድስተኛው ክር ባዶውንና ሦስተኛው ፍሬት፤ አምስተኛው፣ አራተኛውና ሦስተኛው ክር ባዶውንና ሁለተኛው ፍሬት፤ ሁለተኛውና አንደኛው ክር ባዶውንና ሦስተኛው ፍሬት። በየክሩ ሁለት ድምፅ፣ ግማሹ ያለ ጣት። ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ትዝታ መጫወት ይችላል። እኛ ግን ኤፍ ኮርድ ላይ ስንጋጋጥ እንከርማለን።

ቀጥሎ ያለው ከዚህ ይበልጣል። እነዚያው አምስት ድምፆች ከኢ ሲነሡ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ይሆናሉ፤ ባቲ ማይነር ነው። አንድም ክር አልተነካም፤ አንድም ፍሬት አልተቀየረም። የተቀየረው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው። የውጭ አስተማሪዎች «ማይነር ፔንታቶኒክ» ብለው በመጀመሪያው ቀን የሚያሳዩት፣ አምስተኛው ፍሬት ላይ ያለ ሣጥን ቅርጽም ይኸው የባቲ ማይነር ነው፤ እዚያ ከኤ ይነሣል።

ፈተና አደረግሁ። አውራ ጣት ወፍራሙን ጂ (ስድስተኛው ክር፣ ሦስተኛው ፍሬት) ቀስ እያለ ይመታል፤ ሌሎቹ ጣቶች በአምስቱ ድምፅ ላይ እንዳሻቸው ይሄዳሉ። ትዝታ ይሰማል። ጣቶቹን ሳልቀይር አውራ ጣቱን ወደ ባዶው ስድስተኛ ክር፣ ወደ ኢ፣ አወረድኩት። ባቲ ሆነ። ቅኝት ማለት የድምፆች ዝርዝር ብቻ መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ማረፊያው ግን ከዝርዝሩ እኩል ይቆጠራል።

ጥር፣ ሠርግ ሰሞን፦ ሸዋ ሮቢት

ጊታሩ በሚኒባስ ጣርማበርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ገባ። ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት በአንድ ቀን መውረድ ነው። ሲደርስ አንድም ክር በቦታው የለም። ለግማሽ ሰዓት ከከረጢቱ ሳይወጣ ሙቀቱን እንዲለምድ መተው፣ ከዚያ መቃኘት፤ ወዲያው ከተቃኘ እንደገና ይዛነፋል።

ሠርጉ ላይ የተማርኩት ስለ ቀኝ እጅ ነው። ቤት ውስጥ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥረው መሣሪያ) በ60 የለመድኩት ስድስት ስምንተኛ፣ ማለትም አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት እያሉ በሁለት ክምር የሚቆጠረው ችክችካ፣ ሰው ሲያጨበጭብበት ሌላ ነገር ነው። ከፊሉ ጭብጨባ ሁለቱን ክምር ይይዛል፤ ከፊሉ ስድስቱን ቆጠራ በሦስት ሁለት-ሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሙሉ ኮርድ እየመቱ ይህንን መከተል አይቻልም፤ ድምፁ ይደፈርሳል።

መፍትሔው ከክራር መጣ። ክራር ሲደረደር ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይጠርጋል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ፤ የተፈለገው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሣል። ከጊታር ግራ እጅ በትክክል ተቃራኒ ነው፤ እኛ ተጭነን እናስጮኻለን፣ እነሱ አንሥተው ያስጮኻሉ። ስለዚህ ግራ እጄን በስድስቱም ክሮች ላይ በስሱ አጋድሜ፣ ቀኙን በስድስቱም ቆጠራ እያወረድኩና እያወጣሁ፣ በአንድ እና በአራት ላይ ብቻ ሁለት ክር እንዲጮኽ አደረግሁ። ምቱ ደረቀ፣ ጠራ፤ ጭብጨባውም ያዘኝ።

በነገራችን ላይ በ1970ዎቹ የሮሐ ባንድ ካሴቶች ላይ የሰላም ስዩምን ጊታር ለይቶ መስማት ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። እኔ እንደምሰማው ኮርድ ከመከመር ይልቅ በዘፋኙ ዙሪያ አጫጭር መስመር ይዘረጋል።

ከሠርጉ ተመልሼ ሌላ ጣጣ አገኘሁ፦ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጥተው እጅ ይቧጥጣሉ። ብረቱ አላደገም፤ የበጋው አየር ደርቆ እንጨቱ ጠቧል። ቀዳዳ የበሳሁበት የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ ከረጢቱ ውስጥ አኖርኩ። ለጊታር የሚመከረው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፤ መለኪያው 850 ብር ስለሆነ ለጊዜው ሳሙና ዕቃው ይበቃል። ስፖንጁ እንጨቱን መንካት የለበትም።

የካቲት፦ አምባሰል ላይ ሦስተኛ ድምፅ የለም

ትዝታ ማይነር ከኤ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ሙሉ ኮርዶቹ ኤ ማይነር እና ኤፍ። እዚህ ላይ ያ ሁሉ የተደከመበት ኤፍ ሥራ አገኘ።

እነዚሁ አምስት ድምፆች ከኢ ሲነሡ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይሆናሉ፤ ይህ አምባሰል ነው። ትዝታ ሜጀር እና ባቲ ማይነር እንደሚዋዋሱት ሁሉ ትዝታ ማይነር እና አምባሰልም ይዋዋሳሉ። ለጊታር የተመቸ ነው፤ ባዶው ስድስተኛ ክር የአምባሰል ቤት ይሆናል፣ አንድ ፍሬት ከፍ ሲል ያ ቅርብ፣ ቆንጣጭ ሁለተኛ ድምፅ ይመጣል።

ኮርድ ሲፈለግ ግን ጉዳይ አለ። ከኢ የሚነሣ ኮርድ «ሦስተኛ» የሚባለው ድምፅ ያስፈልገዋል፦ ሜጀር እንዲሆን ጂ ሻርፕ (ከጂ አንድ ፍሬት ከፍ ያለው)፣ ማይነር እንዲሆን ጂ። አምባሰል ውስጥ ሁለቱም የሉም። ኢ ማይነር የመታ ሰው ለዜማው የሌለውን ኀዘን፣ ኢ ሜጀር የመታም የሌለውን ደስታ ጨመረለት ማለት ነው። ሁለቱንም ሞክሬ ሁለቱም ቀፈፉኝ። የቀረው ኢ እና ቢ ብቻ፣ ባለ ሁለት ድምፅ ባዶ ኮርድ፦ ስድስተኛው ክር ባዶውን፣ አምስተኛው ሁለተኛው ፍሬት፣ አራተኛው ሁለተኛው ፍሬት። በዚያ ላይ ዜማው በቀጫጭኖቹ ክሮች ይሄዳል። ቅኝቱ የሌለውን አለመጨመር፤ ለእኔ ቲዮሪው እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ የታየኝ።

ባቲ ሜጀር (ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ) ብዙ አላስቸገረም፤ ሲ ሜጀር እና ኢ ማይነር ሁለቱም ሙሉ ናቸው።

ሁዳዴ፦ መንዘርዘር

ጾሙ ሲገባ ጋሼ ክራራቸውን ሰቀሉ። ብቻዬን ቴክኒክ ላይ ነኝ፦ ቀኝ እጅ፣ ጠቋሚና መሃል ጣት እየተፈራረቁ፣ ያው ጣት ሁለት ጊዜ ሳይደግም፤ አውራ ጣት ለሦስቱ ወፍራም ክሮች። ሜትሮኖሙን የምጨምረው ሳልሳሳት ስጨርስ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ 4 ምት። ከዚህ የሚጻፍ ነገር የለም፤ አሰልቺ ነው፣ ይሠራል።

አራተኛው ክር ስድስተኛው ፍሬት ላይ መንዘርዘር አመጣ። የብረት ማስመሪያ ቁራጭ በሦስት ፍሬት ላይ አጋድሜ ስሞክረው ሰባተኛው ፍሬት ላይ ይወዛወዛል፤ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ወደ ቦታው ገባ። በራዲዮ በገና እየሰማሁ ነበር ይህንን የምሠራው። በገና ላይ ያ መንዘርዘር ሆን ተብሎ የሚመጣ ነው፤ በየክሩ እና ክሩ በሚያርፍበት መደገፊያ መካከል እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ገብቶ ክሩን ያስነዝረዋል። እኔ ለማጥፋት የምደክምበትን ድምፅ በገና ደርዳሪው በቁራጭ ቆዳ እያስተካከለ ይፈልገዋል።

ከፋሲካ በኋላ፦ አንቺ ሆዬ እና 7 ሚሊ ሜትር

ክራሩ ከግድግዳ ወረደ። አንቺ ሆዬ ለኔ ከኤ፦ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ (ፍላት ማለት አንድ ፍሬት ዝቅ ያለ ነው)። ለኤ ባዶ ኮርድ የሚያስፈልገው ኢ በውስጡ የለም፤ ስለዚህ በአምባሰል የሠራው ባዶ ኮርድ እንኳ እዚህ አይሠራም። ካሉት ድምፆች ንጹሕ ሜጀር የሚሆነው ዲ (ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ) ነው፤ ግን ዲ ሜጀር ሲመታ ዜማው ዲ ላይ ያረፈ ይመስላል፣ ቤቱን ይሰርቃል። ባዶ ኤ ብቻ በአውራ ጣት ይዤ ቀጠልኩ።

ይህም ሆኖ ከክራሩ ጋር አልገጠምንም። አራተኛው ድምፅ ላይ በተገናኘን ቁጥር ያ ውዝዋዜ አለ። የክራሩን ክሮች አንድ በአንድ በስልኩ ቱነር ለካሁ። ዲ ከእኔ ዲ ጋር አንድ ነው። ኢ ፍላት የምለው ግን የዚያን ዕለት በጋሼ ክራር ላይ ከጊታሩ ፍሬት 20 ሴንት ዝቅ ይላል፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው።

«ይህችኛዋ ዝቅ አላለችም፣ ጋሼ?»

«ቦታዋ እዚያ ነው። የአንተው ነው የወጣው።»

ክራር በጆሮ ይቃኛል፤ መቃኛው የትም ላይ ይቆማል። ፍሬት ግን በታኅሣሥ በጻፍኩት ክፍፍል ተተክሎ ተቸንክሯል። ክር ወደ ጎን ተገፍቶ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይቻላል እንጂ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ዲን አምስተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ይዞ ወደዚያች ድምፅ መግፋትን ሞከርኩ፤ ናይለን ለዚህ አይታዘዝም፣ ሩብ መንገድ ሄዶ ይቆማል። አራተኛውን ክር በሙሉ 20 ሴንት ማውረድን ሞከርኩ፤ ኢ ፍላት ገጠመ፣ ዲ ጠፋ።

የቀረው ትርፍ ፍሬት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 80 ሴንት ላይ ፍሬት ቢኖር ከነቱ 29.4 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ የመጀመሪያው ፍሬት 36.5 ላይ ነው፤ ልዩነቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር። ከነቱ ከተረፈው አጥንት 9 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት ቀጭን ዘንግ ቆርጬ፣ ከፍሬቶቹ ቁመት ጋር አስተካክዬ፣ በአራተኛው ክር ሥር ብቻ በሁለት ገጽ ማጣበቂያ አኖርኳት። ከእሷ በስተኋላ ስጫን የክራሩ ድምፅ ይመጣል፤ በእሷና በፍሬቱ መካከል ስጫን የድሮው ኢ ፍላት አለ፤ ቦታው ግን ለጣት ጠባብ ነው።

ጋሼ ሰሙና «ጥቂት ወደ ጊታሩ ራስ ሳባት» አሉ። 1 ሚሊ ሜትር ወደ ነቱ አስጠጋኋት። ውዝዋዜው ጠፋ። ቦታዋን በእርሳስ ምልክት አድርጌያለሁ። ማጣበቂያው ግን ጣት በተንሸራተተ ቁጥር ይለቃል፤ በኮላ ከመያዟ በፊት በክረምቱ እርጥበት እንጨቱ ሲያብጥ ቦታዋ ይሠራ እንደሆነ በሐምሌ እንደገና እለካለሁ። ሁለተኛው ድምፅ፣ ቢ ፍላትም፣ በአምስተኛው ክር ላይ የራሱን አጥንት ሳይፈልግ አይቀርም።